ነሐሴ 10 ሲደመር አንድ ወር

ጃቫ የጃፓንንና የታይላንድን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፤ የእኛን ግን አልያዘም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ «ትሪቴን-ኤክስትራ» የሚባለውን ተጨማሪ ላይብረሪ ትጭናላችሁ። ጎበዝ ነው፤ ጳጉሜ በ2015 6 ቀን፣ በ2017 ደግሞ 5 ቀን እንደነበረች አይስትም። ጉዱ የሚመጣው ወር ሲቆጥር ነው።

አጋሮ ያለ ገበሬ ቡናው ሳይደርስ ነሐሴ 10 ቀን 2017 በወር ወለድ ተበደረ እንበል፤ የሚከፍለው በለቀማ፣ ኅዳር 10 ነው። ስንት ወር ሆነ? ጅማ ላይ ብትጠይቁ ሦስት ይሏችኋል። ላይብረሪው አራት ይላል፤ ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሯታላ! ነሐሴ 10 ላይ አንድ ወር ደምር ብትሉትማ፣ ጳጉሜ 10 ስለሌለ ጳጉሜ 5 ላይ ይቆማል፤ 25 ቀን ብቻ። ገበሬው በ5 ቀን ምክንያት የአንድ ወር ወለድ ተጨመረበት ማለት ነው።

ለታሪክ ጥናት ቢሆን ምንም አይደል፤ ዓመቱ 13 ወር ነው። ደመወዝና ብድር ግን በ12 ነው የሚሄዱት። የራሳችሁን ክላስ ስትሠሩ ቀኑን በውስጥ እንደ አንድ ተከታታይ ቁጥር ያዙት፤ የቀን ልዩነት ተራ መቀነስ ይሆንላችኋል። ወር ስትደምሩ ከነሐሴ ወደ መስከረም ተሻገሩ። ጳጉሜ 3 የተበደረስ? እሱን አበዳሪና ተበዳሪ ይወስኑት፤ እናንተ ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቋቸው።