ፊልም ያቃጠለው ሐንጋሪያዊ

ፎቶ ቤት ሄዶ «ፊልሙ ተቃጥሏል» የተባለ ሰው ንዴቱን ያውቀዋል። ብርሃን ሾልኮ ገብቶ ምስሉን አደብዝዞ ይጠብቀዋል። ቪልሞሽ ዚግሞንድ ግን በ1971 (እ.ኤ.አ.) በወጣው «ማኬብ ኤንድ ሚስስ ሚለር» ላይ ይህንኑ ጥፋት ሆን ብሎ ፈጸመው። ከዳይሬክተሩ ከሮበርት አልትማን ጋር ተመካክሮ ኔጌቲቩን ከመታጠቡ በፊት ለደካማ ብርሃን አጋለጠው። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ላላ፤ ቀለሙ ደከመ፤ በዝናብና በጭቃ መካከል የምትገነባው የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ከሣጥን ሥር የወጣ አሮጌ ፎቶግራፍ መሰለች። ብልሃቱ ሌላም ጥቅም ነበረው፦ ሥራው ኔጌቲቩ ላይ ያለቀ ስለሆነ ስቱዲዮው ኋላ «ላድምቀው» ቢል አይሆንለትም።

ዚግሞንድ በ1930 በሴገድ ከተማ ተወለደ፤ ፊልም የተማረው ቡዳፔስት ነው። በ1956 የሶቪየት ታንኮች ሕዝባዊውን ዐመፅ ሊደፈጥጡ ሲገቡ፣ እሱና ጓደኛው ላስሎ ኮቫች ካሜራ ደብቀው የሆነውን ቀረጹ። ፊልሙንም ተሸክመው ኦስትሪያ ገቡ። ስለ እሱ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ድፍረቱንም ከታንኮቹ ይመዙታል። እኔ ግን ከላቦራቶሪው እመዘዋለሁ። አሜሪካ እንደ ደረሰ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፎቶ ላቦራቶሪ ሠርቷል። ፊልም ሲታጠብ ውሎ ያደረ ሰው ምን ያህል ቢበላሽ እንደሚድን ያውቃል። ከዚያም በ1960ዎቹ «ዊልያም ዚግሞንድ» እየተባለ ብዙ ርካሽ ፊልሞች አነሣ። ስሙ ሳይቀር ለአሜሪካኖች አፍ መመቸት ነበረበት።

የኦስካር ሰዎች «ማኬብን» በፎቶግራፉ ለዕጩነት እንኳ አላበቁትም። የሸለሙት በ1977 ለወጣው «ክሎዝ ኢንካውንተርስ ኦቭ ዘ ሰርድ ካይንድ» ነው። ያማረ ፊልም ነው፤ ግን የዚግሞንድ ትልቁ ሥራ አይደለም።

ትልቁን የምፈልገው በ1978ቱ «ዲር ሃንተር» ሰርግ ውስጥ ነው። ሙሽራው የሩሲያ ዝርያ ያለው የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በክሊቭላንድ የሚገኘው የቅዱስ ቴዎዶስዮስ ካቴድራል ነው። የተክሊሉን ሥርዓት፣ ከዚያም የአዳራሹን ጭፈራና ላብ፣ ካሜራው እንደ ቤተ ዘመድ እየተጋፋ ያያል። ሰርጉ ረዘመ ብለው ያማረሩ ነበሩ። ያነሣው ሰው የሞስኮ ታንክ ያሰደደው መሆኑን እያሰቡ ቢያዩት ግን አንድም የጥላቻ ጥላ አያገኙበትም። ከእነዚያ ወጣቶች ገሚሱ ቬትናም ሊሄዱ ነው፤ ብርሃኑ ይህን አስቀድሞ አያወራም።

ከዚያው ዳይሬክተር ከማይክል ቺሚኖ ጋር በ1980 የሠራው «ሄቨንስ ጌት» ላይ አቧራውና ጢሱ በዝቷል፤ ተዋናዩን ፍለጋ ዐይን ይደክማል። ፊልሙም ከስሮ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ያም ሆኖ ዚግሞንድ በ2016 ሲያርፍ እኔ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከዚሁ ፊልም ነው፦ የዋዮሚንግ ስደተኞች ባለ ጎማ ጫማ አድርገው፣ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች እየመራቸው፣ በዚያ ጭጋጋም አዳራሽ ውስጥ ሲዞሩ።