የወታደር ደብዳቤ ሰምና ወርቁ

ከጦር ሜዳ ወደ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ኹለት አንባቢ አለው፤ አንዱ በናፍቆት የሚጠብቅ ዘመድ ነው፤ ኹለተኛው ምስጢር እንዳይወጣ መርምሮ የሚያሳልፍ ሹም ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ቃሉን እንደ ባለቅኔ መዝኖ ያኖራል። በመዠመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋጋው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልፍሬድ ኦዌን ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው። እርሱ መኰንን ነበርና የወታደሮቹን ደብዳቤ ራሱ ይመረምር ነበር። በ1967 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በታተመው የደብዳቤዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ለእናቱ ለሱዛን የጻፋቸው ከ500 ይበልጣሉ።

ከእነዚህም ኹለቱ ሊነጻጸሩ ይገባል። በጃንዋሪ 1917 በጻፈው፥ ውሃ በሞላው ጕድጓድ ውስጥ በመድፍ ሥር ከወታደሮቹ ጋራ የቈየበትን ሰዓትና የዘበኛውን ዐይን መታወር ሳይሸሽግ ተረከላት። በኦክቶበር 31 ቀን 1918 በኦርስ ካለው የደን ጠባቂ ቤት፥ በምድር ቤት ተቀምጦ በጻፈው ግን፥ ስለ ጢሱና ስለ ጓደኞቹ ሣቅ ነግሮ በዚያ አደጋ እንደሌለ አስታወቃት። ከ4 ቀን በኋላ የሳምብርን ቦይ ለመሻገር በተደረገው ውጊያ በ25 ዓመቱ ወደቀ፤ መርዶውም ለወላጆቹ የደረሰው የጦርነቱ ማቆሚያ በኾነው በኖቬምበር 11 ቀን ነው።

እንግዲህ ፊተኛው እውነተኛ፥ ኋለኛው ሐሰተኛ ነው የሚል ቢኖር፥ ሰሙን አይቶ ወርቁን ትቷል። ፊተኛው ደብዳቤ መከራውን በግልጥ ስለ ተናገረ የሚፈታ ምስጢር የለውም። ኋለኛው ግን የተጻፈው ፊተኛውን ላነበበች እናት ነው፤ ጦር ሜዳ ምን እንደ ኾነ አስቀድማ ታውቃለችና ልጅዋ ሊያታልላት አይችልም። ሰሙ ቀልዱ ነው፤ ወርቁ ግን፥ ልጅ በሞት ደጅ ቆሞ ለእናቱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ለመስጠት መድከሙ ነው።

የመጽሐፉ ጕድለት ግን ሊነገር ይገባል። የእናቲቱ መልስ በውስጡ ስለሌለ፥ ድምፅዋ የሚሰማው በልጅዋ ቃል ብቻ ነው። ወንድሙ ሃሮልድም ከማሳተሙ በፊት አንዳንዱን ስፍራ በቀለም ደምስሶታል። ይህን ያደረገው የወንድሙን ስም ለመጠበቅ ቢኾንም፥ ከሹሙ ቀጥሎ ሌላ መርማሪ ኾነ። በሣጥኑ የሟች ደብዳቤ ያለው ሰው ከዚህ ይማር፤ አንባቢ የማይገባው ከኾነ ዘግቶ ያኑረው እንጂ አይፋቀው። ሕያው የተናገረውን መልሶ ያቀናል፤ ሙት ግን የተፋቀበትን ቃል ዳግመኛ አይጽፍም።