ቆዳውና አየሩ፦ ፒካፕና ማይክሮፎን በአኮስቲክ ድራም ቀረጻ

መድረክ ላይ ካሉት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ ማይክሮፎን በብዛት የሚፈልገው ድራም ነው። ለድምፃዊው አንድ ይበቃዋል። ድራሙ ግን ለቤዝ ድራሙ፣ ለስኔሩ ከላይና ከታች፣ ለእያንዳንዱ ቶም፣ ለሃይ ሃቱ፣ ከራስ በላይ የሚሰቀሉ ሁለት እየተባለ ስምንትም አሥርም ማይክ፣ ያንኑ ያህል መቆሚያና ገመድ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዱ ማይክ የሌላውን ድምፅ ይለቅማል፦ የስኔሩ ማይክ ሃይ ሃቱን፣ የቶሙ ማይክ ሲምባሉን። መድረኩ ጠባብ ከሆነ የቤዝ ጊታሩና የሞኒተሩ ድምፅም ይጨመርበታል። የፒካፕ አምራቾች መልስ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ድምፁ አየር ላይ ወጥቶ ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ ንዝረቱን ከቆዳው ወይም ከጠርዙ መውሰድ ይቻላል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው፦ በዚህ መንገድ የተወሰደው ነገር የድራሙ ድምፅ ነው ወይ?

መልሱን ለማግኘት ከቆዳው ጠባይ መነሣት ይገባል። የክራር ክር ሲመታ ንዝረቶቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ በሙሉ ቁጥር ስለሚደራረቡ ጆሮ ጥርት ያለ አንድ ቃና ይሰማል። የተወጠረ ክብ ቆዳ ግን እንዲህ አይታዘዝም፤ የንዝረቶቹ ምጣኔ 1፣ 1.59፣ 2.14፣ 2.30 እያለ ይሄዳል። እነዚህ ንዝረቶች ሁሉም በአንድ ጊዜ እኩል አይነሡም። ዱላው ልክ መሃሉ ላይ ሲያርፍ የሚነሡት ከመሃል ወደ ዙሪያው እኩል የሚሰራጩት ብቻ ናቸው፤ ወደ ጠርዝ በተጠጋ ቁጥር የቀሩት ይነቃሉ። እያንዳንዱ ንዝረት ደግሞ ቆዳው ላይ ጨርሶ የማይንቀሳቀሱ መስመሮች አሉት። ፒካፑ ከነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ ከተለጠፈ ያንን ንዝረት አይሰማም። ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ የቆዳው እንቅስቃሴ እዚያ ትንሽ ስለሆነ በተለይ ዝቅተኛውና ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳበታል። መሃል ላይ ቢለጠፍ ክብደቱ ራሱ ቆዳውን ይጫነዋል፣ የድራሙንም ድምፅ ይለውጠዋል። በየትም በኩል ቢሆን ፒካፕ የሚነግረን አንድ ነጥብ የደረሰባትን ነው። ማይክሮፎን ግን ቅርብም ቢሆን የሚቀበለው ከመላው ቆዳ፣ ከእንጨቱ አካል፣ ከታችኛው ቆዳና ከክፍሉ ግድግዳ ተደምሮ የመጣውን ነው።

ስኔሩ ጉዳዩን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ከሥሩ ባለው ስስ ቆዳ ላይ የሽቦ ጥቅልሎች ተወጥረው ያርፋሉ። ዱላው የላይኛውን ቆዳ ሲመታ በመካከል ያለው አየር የታችኛውን ይገፋዋል፤ ሽቦዎቹ ይዘላሉ፣ ተመልሰው ቆዳውን ይመታሉ፣ እንደገና ይዘላሉ። ስኔርን ስኔር የሚያደርገው ጭርጭርታ ይህ ነው። ከላይኛው ጠርዝ ላይ የታሰረ ፓይዞ ፒካፕ የዱላውን ምት እንደ ምላጭ ስል አድርጎ ይይዘዋል፤ የሽቦዎቹ ጭርጭርታ ግን በእንጨቱ በኩል ተጣርቶ የሚደርሰው ደክሞ ነው። ቶሙ በተመታ ቁጥር የስኔሩ ሽቦዎች አብረው ይንሾካሾካሉ። የድምፅ ባለሙያዎች ይህን እንደ ብክለት ያዩታል። በእኔ ግምት ግን አምስት ስድስት የተለያዩ ዕቃዎች እንደ አንድ መሣሪያ የሚሰሙት እርስ በርስ በመነካካታቸው ነው። ፒካፑ ይህን ዝምድና ቆርጦ ሲያቀርብልን ንጹሕ ድምፅ አገኘን እንላለን፤ ከመሣሪያው ያጣነውን ግን አናስተውለውም።

ለፒካፑ ፍትሕ መስጠትም ይገባል። «ቀጭን ነው፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል» የሚለው ወቀሳ በአብዛኛው የአጠቃቀም ጉድለት ነው። ፓይዞ፣ ማለትም ወንድማማቾቹ ፒየርና ዣክ ኩሪ በ1880 ባሳዩት ባሕርይ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ቁስ፣ በጣም ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ) አለው። በቀጥታ ተራ ሚክሰር ውስጥ ሲሰካ የታችኛው ድምፁ ይጠፋል። የግብዓት ኢምፒዳንሱ 1 ሜጋኦምና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሪአምፕ በመካከል ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ ይመለሳል። በሬስቶራንትና በሠርግ አዳራሽ ክራርን በፒካፕ የሚያስጮሁ ተጫዋቾቻችን ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል።

ማይክሮፎኑም ቢሆን ገለልተኛ ምስክር አይደለም። በ1966 ጄፍ ኤመሪክ በለንደኑ የኢኤምአይ ስቱዲዮ ለቢትልስ ሲቀርጽ ማይኩን ከቤዝ ድራሙ ጋር ሊነካካ እስኪደርስ አስጠጋው፣ ድራሙ ውስጥም የሱፍ ሹራብ ጎሰጎሰበት። የስቱዲዮው ደንብ ግን ማይክ እንዲህ እንዲቀርብ አይፈቅድም ነበር። የዘመኑ ሰው ሲሰማው የኖረው ድራም ያ አልነበረም፤ ኤመሪክ አዲስ ድምፅ ፈጠረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሌድ ዘፔሊን ቀራጭ አንዲ ጆንስ ተቃራኒውን አደረገ። ሄድሊ ግሬንጅ በተባለው የእንግሊዝ ገጠር ቤት የባንዱን ድራመር የጆን ቦናምን ድራም ደረጃው ሥር አስቀምጦ ሁለት ባየርዳይናሚክ ኤም 160 ማይኮች ከላይ ሰቀለ። በ1971 በወጣው አልበም ላይ የሚሰማው ግዙፍ ድራም የቦናም እጅና እግር የመሆኑን ያህል የዚያ ቤት ደረጃ ነው። ይህን ቀረጻ በፒካፕ መድገም አይቻልም፤ ፒካፕ ደረጃውን የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፒካፑ ንዝረቱን ከያዘ በኋላ የሚሆነው ነው። ትሪገር የሚባለው አሠራር የምቱን ጊዜና ኃይል ብቻ ያነባል፤ ድምፁ የሚመጣው ቀድሞ ከተቀረጸ ሳምፕል ነው። ምቱን ለሳምፕሉ የሚያስተላልፈው፣ በ1983 ሥራ ላይ የዋለው የሚዲ ሥርዓት የእጅን ኃይል ከ1 እስከ 127 ባሉ ደረጃዎች ይከፍለዋል፤ ዱላው በየትኛው ማዕዘን እንዳረፈ፣ ቆዳው ከቀደመው ምት ገና እየተንቀጠቀጠ እንደነበር ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዴቭ ግሮል የመታባቸው ሁለት የኒርቫና አልበሞች እዚህ ላይ ጎን ለጎን ሊሰሙ ይገባል። በ1991ዱ «ኔቨርማይንድ» ቅልቅል ላይ አንዲ ዋላስ የድራሙን የክፍል ድምፅ ለማግዘፍ ሳምፕል ተጠቅሟል፤ በ1993ቱ «ኢን ዩተሮ» ቀራጩ ስቲቭ አልቢኒ የክፍሉን አየር በማይክሮፎን ያዘ። ሁለቱም ይማርካሉ። በሁለተኛው ላይ ግን ሰውየው የተቀመጠበትን ቦታ እንሰማለን።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ይህን ጉድለት ያጤኑት ይመስላል። ያማሃ በ2017 ያወጣው ኢኤዲ 10 ቤዝ ድራሙ ላይ የሚታሰር አንድ ሣጥን አለው፤ ውስጡ ስቴሪዮ ማይክሮፎንም ትሪገርም አለው። የሰንሃውስ «ሴንሶሪ ፐርከሽን» ደግሞ ተጫዋቹ የስኔሩን መሃል፣ ጠርዝና ቀለበት እየመታ ሶፍትዌሩን ካሠለጠነው በኋላ የምቱን ቦታና ዓይነት ለይቶ ያውቃል። ፒካፕ በእውነት የሚልቅበት ቦታ ይህ ነው። እጁ ምን እንዳደረገ ማይክሮፎን በዚህ ጥራት አይለይም። ጥናቱና ገበያው ፒካፑን የማይክሮፎን ተተኪ ከማድረግ ይልቅ የእጅ ንባብ መሣሪያ አድርገው ቢያሳድጉት ብዙ እናተርፋለን።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከድራም ስብስብ አልፎ ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ ሁለት ፊት ያለው፣ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ፣ በማንገቻ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ነው። በወረብ ጊዜ መቺው ከነከበሮው ይወዛወዛል፣ ያጎነብሳል፣ ይዞራል፤ ጸናጽሉና ጭብጨባው ከዙሪያው ይከቡታል። በበዓል ቀረጻዎች ላይ ብዙ ጊዜ ለከበሮው የተለየ ማይክ የለም፤ የሚሰማው በመሪው ማይክ በኩል፣ አንዴ ተሰንጥቆ አንዴ ርቆ ነው። የጠባቡ ፊት ቀጭን ምላሽ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል፤ የምቱን ሥርዓት ለሚማር ደቀ መዝሙር ግን ያ ምላሽ ግማሹ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ ፒካፕ ሊያግዝ ይችላል። ንዋየ ቅድሳት በመሆኑ በቆዳው ላይ ምንም ሳይለጠፍ፣ የደብሩ ሊቃውንት ከፈቀዱም ብቻ፣ በሁለቱ ፊቶች አጠገብ በማንገቻው ላይ ቀላል ዳሳሾች ቢታሰሩ የግራና የቀኝ እጅን ሥራ ለየብቻ መከታተል ይቻላል። ከዚያ ጋር አንድ ጥንድ ማይክ ከፍ ብሎ ከማኅሌቱ ፊት ለፊት ይቁም፤ የቅኔ ማኅሌቱን ስፋት፣ የጸናጽሉን ቅጭልታና የሕዝቡን እልልታ ከበሮው በሚሰማበት ርቀት ይያዝ። ለመዝገብ የሚቀመጠውም የዳሳሾቹና የማይኮቹ ጥሬ ሞገድ፣ በየራሱ ትራክ፣ ወደ ሚዲ ሳይቀየርና ሳምፕል ሳይተካበት መሆን አለበት።