ራስ የሌለው አባት

የቲም በርተን «ቢትልጁስ» በ1988 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተመልካቹን ያሳቀው በሙታን ነው። በመኪና አደጋ የሞቱ ባልና ሚስት በገዛ ቤታቸው መናፍስት ሆነው ይቀራሉ፤ የሙታን ዓለምም ቁጥር ተይዞ ወረፋ የሚጠበቅበት አሰልቺ ቢሮ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ኩሩዎቹ እራት ተጋባዦች ሳይወዱ በግድ ከገበታው ተነሥተው በሃሪ ቤላፎንቴ ዘፈን ሲጨፍሩ አለመሳቅ ይከብዳል። ስለ ሞት ትምህርት የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ፊልም አይሄድም። ቀልድ ነው፤ እንደ ቀልድም የተዋጣለት ነው።

በዚያ ገበታ ከሚጨፍሩት አንዱ የሊዲያ አባት ቻርልስ ነው። ቻርልስን ሆኖ የተጫወተው ጄፍሪ ጆንስ በ2003 እ.ኤ.አ. የ14 ዓመት ልጅን ለወሲባዊ ፎቶግራፍ አሰልፏል ተብሎ የቀረበበትን ክስ ሳይከራከር ቀረ፤ በገደብ ተቀጣ፤ ስሙም በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ሰፈረ።

በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ማይክል ኪተን፣ ዊኖና ራይደርና ካትሪን ኦሃራ ተመለሱ፤ ጆንስ አልተመለሰም። ቻርልስ ግን አለ። የተሳፈረበት አውሮፕላን ባሕር ላይ ሲወድቅ በአኒሜሽን እናያለን፤ ከዚያ ሻርክ ራሱን ይቆርጠዋል። በሙታን ዓለም የሚዞረውም ራስ የሌለው ገላ ነው።

ብልህ መላ ነው፤ ያስቃልም። ነገር ግን በቻርልስ ቀብር ላይ ሕፃናት ቆመው ያንኑ የገበታውን ዘፈን ይዘምሩለታል። ተዋናዩ በልጅ ላይ ያደረገውን የሚያውቅ ተመልካች ሳቁ እዚህ ላይ ይቋረጣል። ፊልሙ ፊቱን ሰወረ እንጂ ሰውየውን አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ልቅሶ አዘጋጀለት። ቻርልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ሞቷል» ተብሎ ቢታለፍ ታሪኩም ቀልዱም ባልጎደለ ነበር።

ዳዊትም ለሕዝብ የሚዘምር ሰው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙሮቹን አልጣለም፤ ኃጢአቱንም አልሸፈነም። ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ እንኳ የተበደለውን የኦርዮን ስም እዚያው አስቀመጠው። ዳዊት ምሕረት ማግኘቱ ኦርዮንን አላስረሳም።

የ1988ቱ ፊልም የብዙ ሰዎች ድካም ያለበት ነው፤ በእርሱ የሳቀ ወጣት የሚከሰስበት ነገር የለም። ጥያቄው ወደ እኛ ሲመጣ ይከብዳል። የምንወደው ዘማሪ ሲወድቅ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደን ዝም ብንል፣ እኛም ያደረግነው ራስ መቁረጥ ብቻ ነው። ይቅርታ የሚጀምረው እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ስለ ዘማሪው መመለስ ከመጨነቃችን በፊት የተጎዳው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጎበኘው እንጠይቅ።