ታፔት የሚያውቅ መካኒክ

ቃሊቲ ውስጥ ጋራዥ አይቸግርም። የሚቸግረው ከቴስታታው ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሲመጣ የትኛው መካኒክ ነገሩን እንደሚያውቀው መለየት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለውን ሞተር አክሞ ማቆየት የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኗል።

አዋቂው ቶሎ መፍቻ አያነሳም። በቅድሚያ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ያያል፤ ጩኸቱ የዘይት ማነስ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ «ጠዋት ስትነሳ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ?» ይላል። ሃይድሮሊክ ታፔት ያለው ሞተር ሲያድር ዘይቱ ስለሚወርድ ጠዋት ጥቂት ሰከንድ ጮሆ ቢተው አያስደነግጥም። ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ በማኒፎልድ ጋስኬት የሚያመልጥ ጭስም ሊሆን ይችላል። ረጅም ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ደግፎ የቴስታታውን ክዳን ከዳር እስከ ዳር ያዳምጣል። የታፔት ድምፅ ከላይ ነው፣ ቀጠን ይላል፤ የብየላው ከታች ይመጣል፣ ይወፍራል፣ ጭነት ሲበዛበት ይብሳል። በቆዩት የናፍጣ ሞተሮች የኖዝል ቱቦዎችን አንድ በአንድ ያላላል፤ በአንዱ ላይ ድምፁ ከቀነሰ ጥፋቱን ከታፔት ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ሥራው ራሱ የሚታየው ማስተካከያው ላይ ነው። የኢሱዙ ኤንፒአር 4ኤችኤፍ1 ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ 0.40 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን የሚፈታውን ተሰናብተው ይውጡ። ጎበዙ ሞተሩን በእጁ አዙሮ ቫልቮቹ የሚዘጉበት ቦታ ላይ ያቆማል፣ ስሷን የመለኪያ ብረት ያስገባል፣ ስትሳብ ያዝ እንድታደርግ ብሎኑን ያስተካክላል። ብሎኑን በካቻቢቴ ይዞ ዳዶውን ያጠብቃል። ከዚያም እንደገና ይለካል! ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ሊዞር ይችላላ። ሁለተኛዋን ልኬት የሚዘል መካኒክ የመጀመሪያዋንም በከንቱ ነው የለካት።

1ኤንዜድ ሞተር ባላቸው ቪትዞች ማስተካከያ ብሎን የለም። ክፍተቱ በማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ በማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ከወጣ ካምሻፍቱ ተነሥቶ ታፔቱ በሌላ ውፍረት ይቀየራል። «ቁጭ በል፣ አሁን አደርስልሃለሁ» የሚል ሰው ይህን ሞተር ከፍቶት አያውቅም።

ደንበኛን የሚያታልለው ዝምታ ነው። ወፍራም ዘይት ጩኸቱን ያፍናል፣ ክፍተቱን ግን አይነካውም። ክፍተቱን አለቅጥ ማጥበብም ሞተሩን ጸጥ ያሰኘዋል፤ ቫልቩ ግን መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማይገጥም ሙቀቱን የሚያወጣበት አጥቶ ይቃጠላል፣ በተለይ የማስወጫው። ስለዚህ በልኩ ተስተካክሎ ትንሽ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ሞተር እመርጣለሁ። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት በየሲሊንደሩ የተዉትን የክፍተት ቁጥር ይጠይቁ። ለክቶ የሠራ ሰው ወዲያው ይነግርዎታል፤ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጥም አለ። መኪናዋን ለመረከብ ጠዋት ይሂዱ፤ ሞተሩን ሳያስነሱ እንዲጠብቁዎትም ማታውኑ ይናገሩ።