በውሰት ያልወጣ መጽሐፍ ሁሉ ያልተነበበ ነውን?

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ታላቅነታቸውን ሲለኩ የኖሩት በመጻሕፍቶቻቸው ብዛት ነበር። ይህን ልማድ በቁጥር ከተፈታተኑት ሥራዎች መካከል አለን ኬንትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ያሳተሙት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጎላ ብሎ ይታያል። የትኛው መጽሐፍ ይገዛ፣ የትኛው ወደ ማከማቻ ይውረድ፣ የትኛውስ ይወገድ የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ስሙ አብሮ ይነሣልና፣ ሥራውን እንደገና ገልጦ መመርመር ተገቢ ነው።

ዋናው ግኝት አጭርና አስደንጋጭ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ካስገባቸው መጻሕፍት ከመቶ 40 ያህሉ እስከ 1975 መጨረሻ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት አልወጡም። አጥኚዎቹ በዚህ አላበቁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተዋሽ ያላገኘ መጽሐፍ ከዚያ ወዲያ የመውጣት ዕድሉ ከ4 አንድ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያው ያልተነቃነቀው ደግሞ ከ50 አንድ ብቻ መሆኑን አስልተዋል።

የዚህን ሥራ ድፍረት ማንም ሊነፍገው አይችልም። ገንዘብ የወጣበት መጽሐፍ ምን አገልግሎት ሰጠ ብሎ በኮምፒዩተር መዝገብ መጠየቅ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ብዙዎች ጥያቄውን መስማት እንኳ አይወዱም ነበር። የራሱ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጥናቱን አጥብቀው መቃወማቸውም አያስገርምም። ይሁን እንጂ ተቃውሞውን ሁሉ የተነካ ሰው ጩኸት አድርጎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል።

የጥናቱ ድክመት ያለው ከቁጥሩ ወደ ፍርዱ በሚሻገርበት ሥፍራ ነው። የውሰት መዝገብ የሚመሰክረው መጽሐፉ ከበር መውጣቱን እንጂ መነበቡን አይደለም። በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሞ፣ የሚፈልጋትን አንዲት ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ወደ ቦታው የሚመልስ ተመራማሪ በመዝገቡ ላይ የለም። አጥኚዎቹ ይህን ስለተገነዘቡ በናሙና በተመረጡ ቀናት የውስጥ ንባብንም ለመቁጠር ሞክረዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቆጠራ የሚይዘው በጠረጴዛ ላይ የተተወውን ስለሆነ፣ ጨዋው አንባቢ እንደገና ያመልጠዋል!

ለእኛ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት በስድስት ኪሎ ግቢ ስንቱን የታሪክና የቋንቋ ተመራማሪ ያፈራው በንባብ ክፍሉ ውስጥ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። በፒትስበርጉ ሚዛን ቢመዘን ሀብቱ ያለ ሥራ የተቀመጠ መስሎ በታየ ነበር። ከዚህም ሌላ መዝገቡ ምክንያትን አይናገርም፤ ጥፋቱ የመጽሐፉ ይሁን ወይም በተሳሳተ ቦታ የደረደረው ሠራተኛ፣ ከቁጥሩ አይታወቅም።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ወግ አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1990 ወዲህ ከታተሙት መጻሕፍቱ ከመቶ 55 ያህሉ በውሰት አለመውጣታቸውን አስታውቋል። በእንግሊዝኛ ያልተጻፉት ደግሞ ከእንግሊዝኞቹ ያነሰ ተዋሽ ነበራቸው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኛንም የሚነካው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1966 በናይሮቢ በከፈተው ጽሕፈት ቤት በኩል ወደዚያች አገር የተሻገሩ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። ተዋሾቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑ ምን ያስደንቃል? አንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከአንዱ ቤተ መጻሕፍት ቢወገድ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሌሎች ይገኛል። በጥቂት ቅጂ አዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ ድርሰት ግን ከዚያ መደርደሪያ ከወረደ በአገሩ ስፋት ሁለተኛ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

የፒትስበርጉ ዓይነት ቁጥር አንድን መጽሐፍ ከፊት መደርደሪያ ወደ ሩቅ ማከማቻ ለማዛወር፣ ወይም ሁለተኛ ቅጂ ለመግዛትና ላለመግዛት በቂ መሪ ነው። ለማስወገድ ግን መጽሐፉ በሌላ በስንት ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኝ የሚያሳይ ሌላ ዐምድ ከጎኑ ሊሰመር ይገባል። ቤተ መጻሕፍት ሀብታቸውን ይጋሩ የሚለው ሐሳብም ቢሆን፣ ከተጋሪዎቹ አንዱ መጽሐፉን በእጁ ማቆየት እንዳለበት አስቀድሞ የሚገምት ነው፤ ያ አንዱ ማን እንደሆነ ደግሞ የውሰት መዝገብ አይናገርም።