የክብ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ጣራ

በጎጃምና በጎንደር ገጠር፣ በተለይም በጣና ዙሪያ፣ የሚገኙት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ክብ ናቸው። እንደ ላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ያሉ ቀደምት ሕንጻዎች ባለ ማዕዘን ሲሆኑ፣ ክቡ ቅርጽ በሰፊው የተለመደው በ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ብዙ አድባራት ከተቃጠሉ በኋላ ነው፤ የመንደሩን ጎጆ የሚሠራ እጅ ቤተ ክርስቲያኑንም መሥራት መቻሉ ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይህንኑ ክብ በድንጋይ ያቆመ ነው።

ክቡ ውስጥ ግን አራት ማዕዘን አለ፤ ይኸውም ታቦቱ የሚያርፍበትና ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ ነው። በዙሪያው ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ ከዚያ ወዲያ መዘምራን የሚቆሙበት ቅኔ ማኅሌት ይከተላል። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ በአናቱ ክብ አንገት ስለሚያወጣና የጣራው ወራጆች፣ ማለትም ከጉልላቱ ወደ ዳር የሚወርዱት እንጨቶች፣ በዚያ አንገት ላይ ስለሚያርፉ፣ መቅደሱ የሕንጻው ዋና ተሸካሚም ነው።

ሥዕሉም ያለው በዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ የሚሥለው በሸማ ላይ ሲሆን፣ ሸማው ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ጭቃ እርጥበት ስቦ መልሶ ስለሚተነፍስ ሸማው ዘመናት ይቆያል። ለእድሳት የሚጠራ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያየው የሸማውን የታችኛውን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ተነሥቶ ከኋላው ነጭ ጨው ከታየ ውኃ ከመሠረቱ እየወጣ ነው፣ ቀጭን የአፈር መስመር ከታየ ደግሞ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰን፣ ለበጎ ታስቦ ቢደረግም፣ ከጉዳቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ወደ ሸማው ይዞራልና። የሣር ክዳን በቆርቆሮ መተካቱ ይህን ያህል አይወቀስም፤ ሣሩ በየጊዜው መታደስ ስላለበትና ጥሩ ሣር እየራቀ በመሄዱ ምእመኑን ማስገደድ አይቻልም። ሆኖም ባዶ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ያልባል፣ ጠብታውም በሥዕሉ ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሥሩ ሸምበቆ መደርደር ግድ ነው።

እድሳት ያሰበ ሰበካ ጉባኤ ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት በሕንጻው ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ያስቆፍር፤ ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ ሳይደርቅም ሥዕሉን አያስነካ።